ዲስኩ ይነበባል፤ ይጻፍበታል ወይ?

 

የዛሬው ጉዳዬ ጠበብ ያለ ነው። ሊኑክስ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በዊንዶውስ ዲስክ ላይ መጻፍ የቻለው እንዴት ነው? ማንበቡን ቶሎ ከለመደ መጻፉ ለምን ያን ያህል ዓመት ፈጀበት? እዚህ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ለተሰበሰብነውስ ምን ይፈይድልናል? «ይኼ የካምፓስ ልጆች ወሬ ነው» ብሎ ሊነሣ ያሰበ ካለ፣ ከመነሣቱ በፊት ኪሱን ይፈትሽ። ፍላሽ ካገኘ ይቀመጥ፤ ጉዳዩ የእሱም ነው።

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆ፣ ወደ ደምቢ ዶሎ ወይም ወደ ሻምቡ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ስንት ፋይል እንደሚጓዝ እስቲ አስቡት። የመምህሩ ሃንድአውት አለ፤ የቆየ የኢንትራንስ ፈተና አለ፤ የሠርግ ቪዲዮ፣ የመዝሙር አልበም፣ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት አለ። ሌላ አገር ይኼ ሁሉ በኔትወርክ ይሄዳል። እኛ ዘንድ በኪስ ይሄዳል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መገባደጃ እስከ መጋቢት በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር፤ እዚህ ምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔቱ ጠፍቶ ነበር። በእነዚያ ወራት ፋይል ከሰው ጋር መኪና ካልተሳፈረ የትም አይደርስም ነበር። ስለዚህ አንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለዚህ ከተማ ይሆናል ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ መልኩንም ዋጋውንም አስቀድሜ አላይም። የሰው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሲሰካበት ምን ያደርጋል? አንብቦ ብቻ ይመልሳል ወይስ የተሰጠውንም ጽፎ ይመልሳል? እዚህ አገር ዲስክ ይዞ የመጣ ሰው ይዞ መሄድም ይፈልጋል።

ወደ ነገሩ እንግባ። ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያላልኩበትን ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

ዲስክ ላይ ፋይሉ የት እንደተቀመጠ፣ ስሙ ማን እንደሆነ፣ የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ የሚመዘግብ ሥርዓት አለ፤ ፋይል ሲስተም ይባላል። ፍላሽ ፎርማት ስታደርጉ «የትኛውን?» ብሎ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ፋት 32 አለ፣ ኤንቲኤፍኤስ አለ፣ ኤክስፋት አለ። ፋት 32 አሮጌና ቀላል ነው፤ ቴሌቪዥኑም፣ ሪሲቨሩም፣ የመኪናው ቴፕም ያውቀዋል። ጉድለቱ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት እንዲበልጥ አለመፍቀዱ ነው። ጥራት ያለው የሠርግ ቪዲዮ ከዚያ ይበልጣል፤ ፍላሹ ላይ 20 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ሲላችሁ ምክንያቱ ይኼ ነው። ለዚህም ነው ትልልቆቹ ኤክስተርናሎች ብዙውን ጊዜ በኤንቲኤፍኤስ ተዘጋጅተው የሚመጡት። ኤንቲኤፍኤስን ማይክሮሶፍት በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ 3.1 ጋር አወጣው፤ ዛሬ በየቤታችን ያለው ዊንዶውስም የሚያድረው በእሱ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ግን ሙሉ አሠራሩን ጽፎ ለሌሎች ሠሪዎች አልሰጠም። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ማንበብና መጻፍ ለምን እንደሚራራቁ ለማየት አንድ የጊምቢ ቡና መጋዘን አስቡ። ጫላ የተባለ ሰው ያስቀመጠውን ቡና ማየት ብቻ የሚፈልግ መዝገቡን ይገልጣል፣ «ረድፍ 7» የሚለውን ያነባል፣ ሄዶ ያያል። የመዝገቡ ግማሽ ባይገባው እንኳ ማንንም አይጎዳም። አዲስ ጆንያ የሚያስገባ ሰው ግን የትኛው ረድፍ ባዶ እንደሆነ ማረጋገጥ፣ ረድፉን «ተይዟል» ብሎ ማስፈር፣ ለጆንያው ቁጥር መስጠት፣ የባለቤቱን ስም በተራው ቦታ ማስገባት አለበት። ከእነዚህ አንዱን ከሳተ ነገ ሌላው መጥቶ የጫላን ቡና በራሱ ቡና ይተካዋል። ያጠፋው ማን እንደሆነም የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

ኤንቲኤፍኤስ ውስጥ ዋናው መዝገብ ማስተር ፋይል ቴብል ይባላል። ለእያንዳንዱ ፋይል ብዙውን ጊዜ 1024 ባይት የሆነ የመዝገብ ቦታ አለው፤ ፋይሉ በጣም ትንሽ ከሆነ ይዘቱ ራሱ እዚያው መዝገቡ ውስጥ ያድራል። የትኛው ቦታ እንደተያዘ የሚነግር ሌላ ፋይል አለ። ፎልደሮቹ ስሞችን በተራ ይዘው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፤ አንድ ስም ሲገባ ቅርንጫፉ ከሞላ ለሁለት ይከፈላል። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ «ይኼን ልሠራ ነው» ተብሎ አስቀድሞ የሚጻፍበት ጆርናል አለ፤ መብራት በመሐል ቢጠፋ ከየት እንደሚቀጠል ከእሱ ይታወቃል። አንድ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ሴቭ ስታደርጉ ይኼ ሁሉ ይነካል። ባለቤቱ ያልሰጠህን መዝገብ በግምት እያነበብክ መማር ይቻላል፤ በግምት መጻፍ ግን የሰው ንብረት ማጥፋት ነው።

የሊኑክስ ሰዎች ይኼን ያውቁ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ማርቲን ፎን ሎቪስ የተባለ ጀርመናዊ የመጀመሪያውን የኤንቲኤፍኤስ ድራይቨር፣ ሊኑክስን ከዚህ ፋይል ሲስተም ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ሠራ፤ በ1997 መጨረሻ ወደ ከርነሉ፣ ወደ ሊኑክስ እምብርት፣ ገባ። ያነባል። መጻፊያም ነበረው፤ ግን ከርነሉን ስታሰናዱ ከአማራጩ ጎን «አደገኛ» የሚል ቃል በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ነበር። እኔ ይኼን ጽሑፍ እወደዋለሁ። ሶፍትዌር ሠሪ ስለ ራሱ ሥራ እንዲህ በግልጽ ሲናገር ብዙ አይገጥምም። ቀጥሎ በካምብሪጅ የነበረው አንቶን አልታፓርማኮቭ ድራይቨሩን ከሥሩ እንደገና ጻፈው፤ በ2002 ገባ። እሱም ጥንቃቄውን አጠበቀው፦ ያለ ፋይል ላይ፣ ርዝመቱ ሳይለወጥ፣ መጻፍ ይቻላል። አዲስ ፋይል መፍጠር የለም፤ ማጥፋት የለም፤ ስም መለወጥ የለም። በመጋዘኑ ቋንቋ፣ ጆንያውን ሳታንቀሳቅስ ውስጡ ያለውን ቡና በዚያው ልክ መቀየር ትችላለህ እንደማለት ነው። ለተራ ተጠቃሚ ምንም አይጠቅምም፤ ግን አያጠፋም።

ትዕግሥት ያጣውም መላ አላጣም። በ2003 ያን ክራቶክቪል የተባለ የቼክ ሰው ካፕቲቭ የሚባል ፕሮግራም አወጣ። ሐሳቡ ድፍረት ነው፦ የኤንቲኤፍኤስን አጻጻፍ እኛ ካላወቅነው የሚያውቀውን እናምጣ። የማይክሮሶፍትን ድራይቨር ራሱን ከዊንዶውስ ኤክስፒ አውጥቶ ዊንዶውስ ላይ ያለ እየመሰለው ሊኑክስ ውስጥ አሠራው። ሠርቷል፤ ግን ዝግ ያለና አስቸጋሪ ነበር፤ ድራይቨሩንም እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ዊንዶውስ ማምጣት ነበረበት።

መፍትሔው የመጣው ከሁለት ሃንጋሪያውያን ነው። ሚክሎሽ ሰሬዲ ፊዩዝ የሚባለውን ሠራ፤ ከ2005 ጀምሮ የከርነሉ አካል ነው። ፊዩዝ ፋይል ሲስተም ከከርነሉ ውጭ፣ እንደ ማንኛውም ተራ ፕሮግራም እንዲሠራ ያደርጋል፤ ፕሮግራሙ ቢወድቅ ኮምፒውተሩን ይዞ አይወድቅም። በዚህ ላይ ሳቦልች ሳካቺች ኤንቲኤፍኤስ-ስሪጂን ገነባ። ሰውየው ከዚያ በፊት የኤንቲኤፍኤስ ክፍልፋይ (ፓርቲሽን) ውስጡ ያለው ሳይጠፋ የሚጠብበትን መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ዊንዶውሳችሁን ሳታጠፉ ሊኑክስ ጎን ለጎን የጫናችሁ ሁሉ ባለውለታው ናችሁ። የመዝገቡን ጠባይ በደንብ ያወቀው በዚያ ሥራ ይመስለኛል። የመጀመሪያው የጸና እትም የወጣው በየካቲት 1999 ዓ.ም. ነው፤ የእኛው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመበት ዓመት። መፍጠር፣ ማጥፋት፣ ስም መቀየር፣ ማሳደግ፣ ሁሉም ተቻለ።

ፕሮግራሙ ተገኘ ማለት ግን ሰው እጅ ገባ ማለት አይደለም። ዲስትሮ የሚባሉት፣ ሊኑክስን አሰናድተው በሙሉ ጥቅል የሚያቀርቡት፣ «እናስገባው ወይ?» የሚለውን መወሰን ነበረባቸው። ሁለት ፍርሃት ነበራቸው። አንዱ የሰው ዲስክ ቢበላሽ ወቀሳው በእነሱ ላይ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ሕግ ነው። ሬድ ሃት በከርነሉ ውስጥ የኤንቲኤፍኤስን ማንበቢያ እንኳ ዘግቶ ነበር የሚያወጣው። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ በ2009 ማይክሮሶፍት የካርታ መሣሪያ ሠሪውን ቶምቶምን ፍርድ ቤት ሲያቆም፣ ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ በፋት ላይ ረጅም የፋይል ስም የሚጻፍበት ዘዴ ነበር። ስም አጻጻፍ ያስከስሳል ወይ ብላችሁ እንዳትስቁ፤ ያስከስሳል።

ሚሌኒየማችንን በተቀበልን በወሩ፣ በጥቅምት 2000 ዓ.ም. የወጣው ኡቡንቱ 7.10 ግን ኤንቲኤፍኤስ-ስሪጂን ከጅምሩ አብሮ አመጣው። ከዚያ በፊት የነበረው ኡቡንቱ የዊንዶውሱን ክፍልፋይ ያሳያል፣ ያነባል፤ ለመጻፍ ግን ባለሙያ መሆን፣ ፓኬጅ ከኢንተርኔት ማውረድ፣ የሲስተሙን ፋይል በእጅ ማረም ይጠይቅ ነበር። ያኔ ደግሞ ፓኬጅ ከኢንተርኔት ማውረድ እዚህ ምን እንደነበር የዳያል አፕ ትውልድ ይመስክር። የእኔ ግምት ድፍረት ሊመስል ይችላል፤ ለነቀምቴና ለመሰሎቿ ከተሞች ይኼ ውሳኔ ሜኑው በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ከመተርጎሙ ይበልጥ ነበር። ሜኑው በእንግሊዝኛ ቢሆን ልጆቹ በሳምንት ይለምዱታል። በጓደኛው ዲስክ ላይ የማይጽፍ ኮምፒውተር ግን በማግሥቱ ፎርማት ተደርጎ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ይጫንበታል።

የመጻፉን ጥቅም በደንብ የሚያውቁት እዚህ ያሉት የጥገና ባለሙያዎች ናቸው። ሾርትከት ቫይረስ የሚባለውን ታስታውሳላችሁ። ፍላሹን ስትሰኩ ፎልደሮቻችሁ የሉም፤ በቦታቸው ሾርትከት ተደርድሯል። ሰው «ቫይረስ በላው» ይላል። አልበላውም፤ ዊንዶውስ እንዳያሳየው «ድብቅ» እና «የሲስተም» የሚል ምልክት ለጥፎበታል። ሊኑክስ ያንን ምልክት ቁጥር ስለማይሰጠው ፋይሎቹን እንዳሉ ያሳያል፤ የቫይረሱ ስክሪፕትም እዚያ አይነሣም። ማየት ብቻ ግን ሥራውን አይጨርስም። ሾርትከቶቹንና ስክሪፕቱን ማጥፋት፣ ሰነዶቹን ወደ አዲስ ፎልደር መቅዳት፣ ዲስኩን አጽድቶ ለባለቤቱ መመለስ ያስፈልጋል። ፋት 32 ከሆነ ሊኑክስ ድሮም ይጽፍበታል። የመሥሪያ ቤቱ ትልቁ ኤክስተርናል ኤንቲኤፍኤስ ሲሆን ነው ከ2000 ዓ.ም. በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት የሚታየው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። ፊዩዝ ዳታውን በከርነሉና በፕሮግራሙ መካከል ስለሚያመላልስ ፍጥነት ይቀንሳል። በ2020 ፓራጎን የተባለው ኩባንያ ለዓመታት ይሸጠው የነበረውን ድራይቨር በነፃ ሰጠ፤ ኮንስታንቲን ኮማሮቭ አቀረበው፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በጥቅምት 2021 በወጣው ሊኑክስ 5.15 ውስጥ ኤንቲኤፍኤስ-3 በሚል ስም ገባ። የአልታፓርማኮቭ አሮጌ ድራይቨር በ2024 ተሰናበተ። ኤክስፋትን ደግሞ ማይክሮሶፍት ራሱ በ2019 አሠራሩን አውጥቶ ፈቀደ። ለዓመታት በጨለማ ሲዳሰስ የኖረው አንዱ ክፍል በአንድ ቀን በራ ማለት ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ። ሊኑክስ ዛሬ ይጽፋል ካልን፣ «የእኔ ግን አልጽፍም አለኝ» የሚለው ሰው ከየት መጣ?

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ኮምፒውተሩን ሸት ዳውን ስትሉት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ በማግሥቱ ቶሎ ለመነሣት የራሱን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። የዲስኩን መዝገብ በከፊል በሐሳቡ እንደያዘ ነው የተኛው። በዚያ መካከል ሊኑክስ ተነሥቶ ቢጽፍበት፣ ዊንዶውስ ሲነቃ የሚያስታውሰውና ዲስኩ ላይ ያለው አይገጥሙም፤ የሚጠፋው ደግሞ የእናንተ ፋይል ነው። ኤንቲኤፍኤስ-ስሪጂ ይኼን ሲያይ ለመጻፍ እምቢ ይላል፤ አዲሱ ኤንቲኤፍኤስ-3 ደግሞ «ዲስኩ ቆሻሻ ነው» ብሎ ጭራሽ ላይከፍተው ይችላል። እምቢታው ትክክል ነው። እባካችሁ በግድ አታስከፍቱት። ብዙ ልጆች ኢንተርኔት ላይ ያገኙትን ትእዛዝ ጽፈው ምልክቱን ብቻ ያነሡታል፤ ምልክቱ ተነሣ እንጂ ዲስኩ አልተመረመረም። ዊንዶውሱን አስነሡ፣ ከፓወር አማራጮች ውስጥ ፋስት ስታርትአፕን አጥፉ፣ ዲስኩን በቼክዲስክ አስመርምሩ፣ ከዚያ በደንብ ዝጉት። ፋስት ስታርትአፕን ማጥፋቱ ካቃታችሁ ሪስታርት በሉት፤ ሪስታርት ሲባል ዊንዶውስ እውነተኛ መዝጋት ይዘጋል። ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ ግን ቁልፉ ሳይኖር ሊኑክስ ምንም አያደርግላችሁም።

ሁለተኛው ችግር ስም ነው። ስለ ስም ትንሽ ልቆይ፤ እንደ እኛ የሚነካው ሰው ጥቂት ነው። ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ባለሙያዎች የደከሙበት የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ኤንቲኤፍኤስም ስም የሚጽፈው በዩኒኮድ ስለሆነ የአማርኛ ስም ያለምንም ችግር ይቀበላል። የድሮው ሊኑክስ ግን ቋንቋው ካልተስተካከለለት የአማርኛ ስም ያለውን ፋይል ጭራሽ አያሳይም ነበር። ዛሬ ያ አልፏል፤ ሌላ ቀርቷል። ሊኑክስ ለስም ከሕዝባር በቀር ሁሉንም ምልክት ይፈቅዳል፤ ዊንዶውስ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ፣ የጥያቄ ምልክትን፣ ኮከብን፣ የእንግሊዝኛውን ድርብ የጥቅስ ምልክት አይፈቅድም። የእኛን አጻጻፍ ተመልከቱ። «ት/ቤት» ብላችሁ ፋይል ልትሰይሙ ብትሞክሩ ሁለቱም አይቀበሉም፤ ሕዝባሩ የፎልደር መለያ ነው። ሰው መላ ሲፈልግ «ት:ቤት» ብሎ በእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ይጽፋል፤ ሊኑክስ «እሺ» ይላል፣ ኤክስተርናሉ ላይ ይጽፈዋል፣ ባለቤቱ ቤቱ ሄዶ በዊንዶውስ ሲከፍት እምቢ ይለዋል። የዚህ ዲስኩር ርዕስ ራሱ በጥያቄ ምልክት ስለሚያልቅ የፋይል ስም ባደርገው ያው ዕጣ ይደርሰዋል። ይባስ ብሎ ዊንዶውስ በነጥብ የሚያልቅ ስም አይወድም። «የ2012 ዓ.ም.» የሚል ፎልደር ሊኑክስ ላይ ፍጠሩና ወደ ኤንቲኤፍኤስ ዲስክ ቅዱት፤ ዊንዶውስ ፎልደሩን ያሳያችኋል እንጂ አያስገባችሁም። የሙሉ ዓመት የተማሪ ውጤት በአንዲት ነጥብ ይታሰራል። ዊንዶውስ-ኔምስ የምትባል አማራጭ አለች፤ ስትበራ ሊኑክስ እንዲህ ያለውን ስም ገና ሲጻፍ ይከለክላል። ላብ የምታሰናዱ መምህራን መብራቷን አረጋግጡ።

በቁቤ፣ በአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል፣ የሚጽፈውስ? ለእሱ ሌላ ወጥመድ አለ። ላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው፤ ሊኑክስ ባሩምሳን በትልቅ ቢ እና ባሩምሳን በትንሽ ቢ ሁለት ፋይል አድርጎ ሊጽፍ ይችላል፣ ዊንዶውስ ግን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ከሁለቱ አንዱ ከእጅ ይወጣል። የግዕዝ ፊደል ከዚህ ነፃ ነው፤ ቁቤ ደግሞ ከሚቀጥለው ነፃ ነው። የሊኑክስ የራሱ ፋይል ሲስተም ለአንድ ስም 255 ባይት ይሰጣል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይፈጃል፤ ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያልቃል። ኤንቲኤፍኤስ እስከ 255 ፊደል ስለሚችል፣ ርዕሱ አንድ አንቀጽ የሚያህል የስብከት ቪዲዮ ከኤክስተርናል ወደ ሊኑክስ ሲቀዳ «ስሙ ረዘመ» ይላችኋል። ስሙን አሳጥሩት፤ ዲስኩ ጤነኛ ነው። ቁቤ ፊደል ይደጋግማል እንጂ ባይት አያባክንም።

ሦስተኛው ጥድፊያ ነው። ሊኑክስ ኮፒ ሲያደርግ መጀመሪያ ሚሞሪ ላይ ይይዘዋል፤ መስመሩ መቶ ደረሰ ማለት ዲስኩ ላይ አልቆ ተጻፈ ማለት አይደለም። ደንበኛው መኪና ሊያመልጠው ነው ብሎ ኤክስተርናሉን ሲነቅል ግማሹ እናንተው ጋ ይቀራል፤ መዝገቡም በግማሽ ይዘጋል። ኢጀክት በሉ፣ «አሁን ይነቀል» እስኪል ጠብቁ፣ ደንበኛውን ቡና ጋብዙት።

ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት አንዱን ራሴ ላንሣ፤ «ታዲያ ሁሉንም ወደ ኤክስፋት ለውጠን ለምን አንገላገልም?» የሚል አይጠፋም። ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ለሚመላለስ ፍላሽ ጥሩ ነው፤ 4 ጊጋ አያግደውም፣ ዊንዶውስም አዲስ ሊኑክስም ይጽፉበታል። ግን ጆርናል የለውም። መብራት በጽሑፍ መሐል ሲጠፋ፣ መብራታችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ከየት ልቀጥል የሚልበት ማስታወሻ የለውም። የተማሪ ውጤት፣ የመሬት ሰነድ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ የያዘ ኤክስተርናል ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ እንደሆነ ተዉት፤ ሁለተኛ ቅጂውን ሌላ ዲስክ ላይ አኑሩ። ለመለወጥ ከወሰናችሁም ፎርማት ሁሉን እንደሚጠርግ አትርሱ፤ አስቀድማችሁ ቅዱ፣ የቀዳችሁትንም ከፍታችሁ እዩ።

እጃችሁን ያወጣችሁትን አይቻለሁ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።